የስድስት ደቂቃ እንቅልፍ

ይድረስ ለእታለሜ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ያ ቀኝ ትከሻሽ እንዴት አደረገሽ? ባለፈው ድንቢጥ ልጅሽን ከታክሲ ስታወርጂ ፊትሽን ስታጨማድጂ አይቼሽ ነበር፤ ስጠይቅሽ ግን እንደ ልማድሽ ምንም አይልም ብለሽ አለፍሽው። ድንቢጤስ ደህና ናት? አዲሱ መድኃኒት ሆዷን ማወኩን ተወላት? በባዶ ሆዷ እንዳትሰጫት፤ ትንሽ ነገር ቀማምሳ ይሁን። የመታጠቢያ ቤቱንም በር ከውስጥ የሚቆልፈውን ነገር አስነቅይው፤ ምናልባት እዚያ ሆና ቢጥላት በር ስትሰብሪ ጊዜ እንዳታጠፊ። እኔ ስለ ጤናዬ የምነግርሽ ክፉ ነገር የለኝም። ቆሜ እሄዳለሁ፣ እበላለሁ፣ ሰው ሲስቅ እስቃለሁ።

ሁለት ፌርማታ ተራርቀን እየኖርን ደብዳቤ መጻፌ እንደሚገርምሽ አውቃለሁ። ሦስት ጊዜ ደውዬልሽ ነበር። ሦስቱንም ጊዜ ስለ ዝናቡና ስለ ድንቢጥ ጫማ አውርተን ዘጋሁት። ፊት ለፊት ብነግርሽ ደግሞ አታስጨርሺኝም፤ ገና እንባዬ ሲመጣ “ተይው በቃ” ትይኛለሽ፣ እኔም ደስ ብሎኝ እተወዋለሁ። አንቺንም አውቅሻለሁ፣ ራሴንም አውቀዋለሁ። ስለዚህ በጽሑፍ ይሁን አልኩ። ድንቢጥ ስትተኛልሽ ቁጭ ብለሽ አንብቢው። ከመሃል ላይ እንዳትተዪው አደራ።

ነገሩን ካመሰገንሽኝ ቀን ልጀምርልሽ።

ሁለት ወር ሆነው፤ የሙሉ ሌሊቱ ምርመራ ውጤት የተነገረሽ ቀን። ከነርቭ ሐኪሟ ክፍል ወጥተሽ ኮሪደሩ ላይ ስታገኚኝ፣ በአንድ እጅሽ ድንቢጥን እንደያዝሽ በሌላው አንገቴን አቀፍሽኝ። ተረኛው ሁሉ ያየን ነበር። ሐኪሟ የነገረችሽን እየተንተባተብሽ ደገምሽልኝ። ልጅቷ እንቅልፍ በወሰዳት ቁጥር አንጎሏ ውስጥ ማዕበል ይነሳል። ማዕበሉ የሚጥል በሽታ ዓይነት ነው፤ ግን ተኝታ ስለሆነ የሚመጣው ማንም አያየውም። ልጅ ቀን የለቀመችውን ቃል አንጎሏ የሚያስቀምጠው ስትተኛ ነው፤ ይኸው ማዕበል ደግሞ ሌሊት ሌሊት ይጠራርገዋል። ኦቲዝሟ ሌላ ነው፣ አብሯት የተፈጠረ የራሷ ነገር ነው፤ ቃላቷን የወሰደባት ግን ይኼ ነው። ይህን ሁሉ ነገርሽኝና “አንቺ እዚህ ሆስፒታል ባትኖሪ ኖሮ ልጄ እንዲሁ ትቀር ነበር” አልሽኝ።

እኔ ደግሞ ኧረ ተይ ብዬ ዓይኔን ጠረግሁ። ምስጋናሽን ተቀብዬ ወደ ሥራዬ ገባሁ። ያን ዕለት ከሰዓት የአራት ሕፃናት የአንጎል ሞገድ ቀዳሁ።

አሁን ወደ ኋላ ልመልስሽ። አራት ዓመት ሊሞላው ትንሽ ቀርቶታል። ድንቢጥ ያኔ አራት ዓመት ከመንፈቋ ነበር። ኦቲዝም አለባት ከተባለ ዓመት አልፎ፣ ከቤተሰቡ ሁሉ ቀድመሽ ነገሩን የተቀበልሽው አንቺ ነበርሽ። ተረከዟን መሬት ሳታስነካ በጣቶቿ ጫፍ ብድግ ብድግ እያለች ስትሄድ ሌላው ሲያዝን፣ ድንቢጥ መሰለችኝ ብዬ ስሙን ሳወጣላት የሳቅሽው አንቺ ብቻ ነሽ። ዓይን ለዓይን ባታይሽም፣ መጥታ ጀርባዋን ከጀርባሽ ለጥፋ እንደምትቀመጥና መሳሟም ይኸው እንደሆነ ያስተማርሽን አንቺ ነሽ።

ቃላትም ነበሯት። ዐሥራ አራት። አዲስ ቃል ባወጣች ቁጥር በስፌት ጠመኔሽ ቁም ሳጥኑ በር ላይ፣ ከውስጥ በኩል ትጽፊው ነበር። ውሃ። መብራት። ጫማ። በቃ። “አሁን” የሚለውን ከየት እንዳመጣችው አናውቅም፤ ብቻ ለሁሉም ነገር አሁን ነበር መልሷ። ሲርባት አሁን፣ ስትጠግብ አሁን፣ አባቷ የት ሄደ ስንላት አሁን። አንቺ ደግሞ “ቀጠሮ የማትወድ ልጅ ወለድኩ” እያልሽ ታስቂን ነበር።

ከዚያ ቃላቱ መርገፍ ጀመሩ። መጀመሪያ ጫማ ጠፋ። ቀጥሎ መብራት። በሁለት ወር ውስጥ ሁሉም ሄዱ፤ መጨረሻ ላይ የቀረላት በቃ የሚለው ነበር፣ እሱም አንድ ቀን ቀረ። አንቺ ወደ ልብስ ስፌት ፋብሪካው የተመለስሽውም በዚያው ሰሞን ነበር። ቀን ቀን ጎረቤትሽ ትይዝልሻለች፣ አንቺ ማሽንሽ ላይ ትውያለሽ። አባቷም አንድ እሁድ፣ እኔም ባለሁበት፣ ድምፁን ሳያነሳ፣ ሻዩን እያማሰለ፣ “ልጄ አፏን የዘጋችው እናቷ ፊቷን ስላዞረችባት ነው” አለ። በሳምንቱ ሥራሽን ለቀቅሽ። መልቀቅሽ ግን ቃላቱን አልመለሳቸውም፤ እሱንም ቤት አላስቀረውም።

ያኔ የነበረው ሐኪም፣ ያ ቸኩሎ የሚናገረው፣ የአንጎል ሞገድ ምርመራ አዘዘላት። አንቺ ወረቀቱን ይዘሽ እኔ ጋ መጣሽ። የክፍላችን ደንብ ዘመድ ዘመዱን እንዳይመረምር ይከለክላል። ሥራውን ያስተማረኝ አንጋፋው ባለሙያ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንለው፣ የራስሽን ሰው አትንኪ፣ እኔ ልሥራላት ብሎኝ ነበር። አንቺ ግን ባዕድ እጅ ከነካት ትሞታለች ብለሽ ለመንሽኝ። እኔም ኩራት ብጤ ተሰማኝ መሰለኝ፤ ግድ የለም እኔ እችላለሁ አልኩት። ጋሼ ትከሻውን ሰብቆ ወጣ።

ክፍሏን ታውቂያታለሽ፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ኮምፒውተር፣ ጥቁር መጋረጃ። እንቅልፍ እንዲወስዳት ሌሊቱን ሳታስተኚያት አድረሽ፣ ሁለታችሁም ዓይናችሁ ደም መስሎ መጣችሁ። ጭንቅላቷን በሜትር ለካሁ። በእርሳስ ምልክት አደረግሁ። ቆዳዋን በዚያ ሻካራ ቅባት እየፈተግሁ ሃያ አንዱን ሽቦ አንድ በአንድ መለጠፍ ጀመርኩ። ሰባተኛው ላይ እጄን ነከሰችኝ። ዐሥራ ሁለተኛው ላይ የለጠፍኩትን ግማሹን ነቀለችው። አንቺ እግሮቿን በጭንሽ፣ እጆቿን በእጅሽ ይዘሽ፣ አፍሽን ጆሮዋ ላይ አድርገሽ የነበሯትን ቃላት አንድ በአንድ ትጠሪላት ነበር። ውሃ የኔ ልጅ፣ መብራት የኔ ልጅ፣ አሁን የኔ ልጅ። እሷ ግን ቃል የሌለው ጩኸት ትጮህ ነበር። በስድስት ዓመት ሥራዬ ብዙ እናቶች ልጆቻቸውን እንዲያ አፍነው ሲይዙ አይቻለሁ። አንቺን ግን አላየሁሽም ነበር።

ራሷን በፋሻ ጠቅልዬ መብራቱን አጠፋሁ። ከአርባ ደቂቃ በኋላ ተሸነፈችና ተኛች። አንቺም አገጭሽን አልጋው ጠርዝ ላይ አሳርፈሽ አብረሻት አንቀላፋሽ። ክፍሉ ውስጥ ነቅቼ የነበርኩ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ስድስት ደቂቃ ተኛች። ደንቡ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት እንቅልፍ ይቀዳ ይላል። ገና ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ታየኝ። መስመሮቹ ጸጥ ብለው ሲሄዱ ቆይተው፣ ከግራ ጆሮዋ በላይ ካለው ሽቦ አንድ ሹል ነገር ተነሳ። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ሌላ። ወዲያው የስክሪኑ ገጽ ከዳር እስከ ዳር ሞላ፤ ልክ የስፌት መኪናሽ መርፌ ያለ ማቋረጥ ሲወጣ ሲገባ እንደሚያደርገው።

እታለም፣ ምን እንደሆነ አውቄዋለሁ። ጋሼ በተማሪነቴ አሳይቶኛል። ቃላቸው የጠፋባቸው ልጆች ላይ ይህንን ፈልጉ፣ የሚገኘው በእንቅልፍ ነው፣ አትቸኩሉ ብሎ አስተምሮኛል። እኔ ግን በልቤ ሽቦው ላልቶ ነው አልኩ። ስትነቅለው መልሼ በደንብ አልለጠፍኩትም ይሆናል አልኩ። የላላ ሽቦ እንዲያ እንደማይጽፍ አሳምሬ አውቃለሁ፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው።

በስድስተኛው ደቂቃ በሩ ተንኳኳ፤ የሚቀጥለው ተረኛ ነበር። ድንቢጥ ብንን አለችና እጇን ወደ ራሷ ሰደደች። አንቺም ደንግጠሽ ተነሳሽና ገና ዓይንሽን ሳትገልጪ እጆቿን ያዝሽ። ተረኛውን ቆይ ብዬ፣ አባብለን መልሰን ልናስተኛት እንችል ነበር። አልቻልኩም ልልሽ አልችልም፤ አላደረግሁትም። ማሽኑን አጥፍቼ አለቀ አልኩሽ። አንቺም ተመስገን ብለሽ ፋሻውን መፍታት ጀመርሽ።

ከዚያ ቅጹን ሞላሁ። ሦስት ዓረፍተ ነገር ጻፍኩ። ልጅቷ አልተባበረችም። እንቅስቃሴ ስለበዛ ለማንበብ አይመችም። እንቅልፍ አልተገኘም። ሦስተኛው ውሸት ነው። ሐኪሙ ጠረጴዛው ላይ የካርድ ክምር ነበረበት፤ የእኔን ጽሑፍ አየና መጀመሪያ ያሉትን ጥቂት ገጾች፣ ጩኸቷን ብቻ የያዙትን፣ ገለባብጦ የሚታይ ችግር የለም ብሎ ፈረመ። ለአንቺም ኦቲዝሙ ነው፣ ታገሺ አለሽ። ያቺን ታገሺ የምትል ቃል ይዘሽ አራት ዓመት ኖርሽባት።

ለምን አደረግሽው ትይኛለሽ። ለራሴ ስነግረው የኖርኩት አዘንኩላት የሚል ነው። ያየሁትን ብጽፍ ኖሮ ሌላ ምርመራ ይታዘዛል፣ ያውም ሙሉ ሌሊት፣ አንቺም እንደገና ትይዣታለሽ። ያንን ሁለተኛ ማየት አልፈለግሁም። ይኼ እውነት ነው፤ ግን ግማሹ ነው።

የቀረውን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። በዚያ ሰሞን ጠዋት ጠዋት የማጣበቂያው ቅባት ሽታ ያቅለሸልሸኝ ነበር፤ ስድስት ዓመት የለመድኩት ሽታ። ወደ መጸዳጃ ቤት ሮጬ ስመለስ ጋሼ የበላሽው ነገር ነው ወይ ብሎኝ አዎ ብየዋለሁ። ለአንቺ ልነግርሽ ያሰብኩት በዚያው ሳምንት ነበር፤ የድንቢጥ ምርመራ ይለፍላት ብዬ አቆየሁት። እና ያን ስክሪን ሳይ፣ እታለም፣ የማየው የድንቢጥን ብቻ አልነበረም። አንድ እጄ ኮምፒውተሩ ላይ ነበር፤ ሌላው እጄ ሆዴ ላይ እንደነበረ ያስተዋልኩት ኋላ ነው።

ያን ጊዜ አብሮኝ የነበረውን ሰው ታስታውሺዋለሽ፤ ያን ብዙ የማያወራውን መሐንዲስ። ማታ እጄ ላይ የጥርሷን ምልክት አይቶ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ፤ የሆነውን ነገርኩት። ሰምቶ ሲያበቃ “በዘር ይሄዳል እንዴ?” አለኝ። አላውቅም አልኩት። በሳምንቱ ሦስት ቀን ፈቃድ ወስጄ ክሊኒክ ሄድኩ። ለአንቺ ጉንፋን ነው አልኩሽ። ድንቢጥን አዝለሽ፣ ሾርባ ይዘሽ መጣሽ። ፊቴ ገርጥቶ ስታዪ ተጨማሪ ብርድ ልብስ ደረብሽልኝ፣ ወገቤን ሞቅ ባለ ፎጣ ያዝሽልኝ፤ ለጉንፋን ወገብ ምን ያደርጋል ሳትይ። ድንቢጥ አልጋው ላይ ወጥታ ጀርባዋን ጀርባዬ ላይ ለጠፈች። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

ያም ሰው ብዙ አልቆየም። ስለዚህ ነገር ከዚህ በላይ አልጽፍም፤ አንቺ ሴት ነሽ።

ከዚያ ወዲህ ያለውን አብረን ኖረነዋል። ልነግርሽ የምችልባቸው ቀኖች ብዙ ነበሩ። አንዱን ብቻ ላስታውስሽ። ቤትሽ ሆነን አንቺ ሳህን ታጥቢያለሽ፣ እኔ አደርቃለሁ። ድንቢጥ ወለሉ ላይ የአሮጌ ልብስ ቁልፎችሽን በመልክ በመልካቸው ትደረድራለች። ድንገት ውሃውን ዘጋሽና “ያኔ ፋብሪካ ባልገባ ኖሮ እስከ ዛሬ ታወራ ነበር” አልሽ። ለእኔ አልነበረም የተናገርሽው፤ ለራስሽ ነው። እኔም ምን እንዳልኩሽ ታውቂያለሽ? ራስሽን አትውቀሺ አልኩሽ። ምክር ሰጠሁሽ። ጥፋቱ የማን እንደሆነ እያወቅሁ፣ ሳህኑን በጨርቅ እየወለወልኩ መከርኩሽ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይላሉ፤ እኔ እንኳ አልለከክሁም፣ ሰው ሲለክክብሽ ዝም ብዬ አየሁ። ዝምታ ከመለከክ ይሻላል ብዬ ነበር። አይሻልም።

ባለፈው ዓመት ማለቂያ ላይ ዳቦ ቤቱ በር ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ፊት ስትወድቅብሽ፣ ደውለሽ እንዴት እንደጮህሽ አልረሳውም። አዲሷ ሐኪም የመጣችው ያን ጊዜ ሆነና ሙሉ ሌሊት ካልተቀዳ አላምንም አለች። እኔ አልነካትም አልኩ። ጋሼ ሠራላት። ጠዋት ስገባ ሌሊቱን የቀዳውን ከፍቶ ያይ ነበር፤ ከትከሻው በላይ ሆኜ አንድ ገጽ ብቻ አየሁ። በቃኝ። ያው መርፌ ነበር።

አመሰገንሽኝና ሦስት ሳምንት እንዲሁ ቆየሁ። ከዚያ አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ የድሮውን ቅጂ ከመዝገብ አወጣሁት። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የእኔ ስም። ጩኸቷን አለፍኩት። መስመሮቹ ረጋ ወዳሉበት ደረስኩ። ስድስቱን ደቂቃ ከዳር እስከ ዳር፣ ሰከንድ በሰከንድ አየሁት፤ አራት ዓመት ሙሉ ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል የምትል ቀጭን ክር ይዤ ነበር፤ እሷም ተበጠሰች።

ጋሼን ጠራሁት። ወንበሬ ላይ ተቀምጦ መነጽሩን ወደ ላይ አድርጎ አየ። ሽቦው አልላላም አለ። ቅጹን ሰጠሁት። አንብቦ ጨረሰና “እጅሽ ነው?” አለኝ። እጄ ነው አልኩት። ይጮህብኛል ብዬ ነበር፤ እሱ ግን መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ሲያሽ ቆየ። ያን ዕለት ትቼሽ መውጣት አልነበረብኝም አለ። እሱ የወሰደው ድርሻ እንኳ ከሚገባው በላይ ነው፤ የእኔን ግን አላቀለለውም።

ከእሱ ጋ ሆነን ሐኪሟ ዘንድ ገባን። ሁለቱን ቅጂዎች ጎን ለጎን አድርጋ አየቻቸው። እኔ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኋት። ያኔ ታውቆ መድኃኒት ቢጀመርላት ኖሮ ታወራ ነበር ወይ አልኳት። ቶሎ ከተደረሰባቸው ልጆች አንዳንዶቹ ከቃላቸው የተወሰነውን እንደሚያገኙ፣ ሁሉም ግን እንደማያገኙ፣ ድንቢጥ ከየትኞቹ ትሆን እንደነበር ማንም ሊያውቅ እንደማይችል ነገረችኝ። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፤ ቃሏን እንዳለ ልጻፍልሽ፦ “መድኃኒቱ እንቅልፏን ይመልስላታል፣ እንዳትወድቅም ይረዳታል። ቃል ይመለሳል ብዬ ግን ለእህትሽ ተስፋ አልሰጠኋትም። አንቺም እንዳትሰጫት።”

እኔ ግን ሰጥቼሻለሁ። ኮሪደሩ ላይ ስታቅፊኝ ከእንግዲህማ ታወራልሻለች ብዬሻለሁ። እሱንም በዚህ ደብዳቤ መልሼ እወስደዋለሁ። ልብሽን በዚያ እንዳትሰቅይው።

ያደረግሁትን ሁሉ በጽሑፍ አድርጌ ለክፍሉ ኃላፊ አስገብቻለሁ። ጉዳዩ እስኪታይ ድረስ ከምርመራው ክፍል ወጥቼ ካርድ ክፍል ተመድቤያለሁ፤ ይህንንም የምጽፍልሽ ከዚያው፣ ከካርድ መደርደሪያዎቹ መሃል ሆኜ ነው። ከሥራ ሊያሰናብቱኝ ይችላሉ። ቢያሰናብቱኝም አልከራከርም። ከድንቢጥ በፊትም በኋላም እንቅልፍ አልተገኘም ብዬ የጻፍኩባቸውን ሁሉ እየፈለግሁ ለጋሼ እየሰጠሁት ነው፤ እስካሁን ዐሥራ አንድ አግኝተናል። ዘጠኙ እውነት ናቸው፤ እንቅልፍ የለባቸውም። ሁለቱ ለድጋሚ ምርመራ እየተጠሩ ነው። ለእነሱ እናቶች ስልክ የምደውለው እኔ ነኝ፤ ጋሼ አንቺ ደውዪ አለኝ።

ከደብዳቤው ጋር ሁለት ወረቀት አድርጌልሻለሁ። አንዱ የዚያ ቀን ቅጂ ነው፤ የሦስተኛውን ደቂቃ ገጽ በቀይ ከብቤዋለሁ። ሌላው ሐኪሟ በእጇ የጻፈችው ማብራሪያ ነው፤ ማንም ሰው እንዲገባው አድርጋ ነው የጻፈችው። አንድ ቀን ያ እሁድ ሻዩን እያማሰለ የተናገረውን ሰው ስታገኚው፣ ይህንን አስነብቢው። ልታዋርጂው አይደለም። ያን ቃል እሱ ረስቶት ይሆናል፤ አንቺ ግን በየቀኑ ስትሰሚው ኖረሻል። እናትየው ፊቷን አላዞረችም። ፋብሪካ ብትውልም ቤት ብትውልም ያው ይሆን ነበር። ይህንን እኔ ከነገርኩሽ ላታምኚው ትችያለሽ፣ ደግሞም መብትሽ ነው፤ የሐኪሟን ፊርማ እመኚ።

ስፌትሽንም ተመለሽበት። ፋብሪካውም ባይሆን እቤትሽ። ድንቢጥ የቤት ማሽንሽን ድምፅ ትወደው ነበር፤ ያኔም ሥር ሥሩ ነበር የምትውለው።

አንድ ነገር ልለምንሽ። እንደ ልማድሽ ቶሎ አትማሪኝ። አንቺ ከልጅነታችን ጀምሮ እኔ ሳጠፋ እናታችን ሳትሰማ ጥፋቱን ወደ ራስሽ የምትወስጂ ነሽ፤ ይኼኛውን ግን አትውሰጂው። ተቆጪ። ስድብም ካለሽ ስደቢኝ። ዓመትም ይፍጅ፣ ከዚያም ይለፍ። እምቢ ካልሽም እምቢ በይ። ሰው ለምን ተኳረፋችሁ ቢልሽ እውነቱን ንገሪው እንጂ እኔን እንዳትሸፍኚ።

ረቡዕ ጠዋት ለመድኃኒቱ መጠን ደም እንደሚወሰድላት ካርዷ ላይ አይቻለሁ። እኔ ላቦራቶሪው ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ እሆናለሁ። አይተሽኝ ብታልፊ አልከተልሽም፣ ለሰላምታም አልነሳም። ድንቢጥ እኔን አይታ ወደ እኔ ብትመጣ ግን እንዳትከለክያት እለምንሻለሁ፤ ባትመጣም ባትመጣ ነው። ብቻ ልጅቷ እምቢ ብላሽ የሚያግዝሽ ሰው ብታጪ፣ ስሜን መጥራት አይጠበቅብሽም፤ በዓይንሽ ብቻ ነይ በይኝ።

ፈጣሪ ጉልበትሽን አያድክመው። ለድንቢጥ እንቅልፏን እንቅልፍ ያድርግላት። ለአንቺም፣ ከእኔ ጋርም ሆነ ያለ እኔ፣ ሰው አያሳጣሽ።

እህቴ ማለት ከከበደሽ ሌላ ስም የሌላት

ታናሽሽ